ሆዴ ካልቀነሰ ብረቴ ይሸጣል

ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለድንቡሼ፣

በያለሽበት ሰላም ዋይ። ጤናሽ አይጓደል፣ ክንድሽ አይዛል፣ የሰው አገር ብርድ አጥንትሽን አያግኘው። እኛ አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ አጎትሽ እንደምታውቂው ከፊደል ጋር ሳንተዋወቅ አርጅተናል፤ ይህን የምትጽፈው አክስትሽ ናት። ስለዚህ በዚህ ወረቀት የምዋሽ ከሆነ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ነው የምዋሸው፤ ያ ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው።

ነገሩን ላሳጥረው። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ሌላ ምንም የለብኝም ብዬ ነው የሄድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ አስጨነቀኝና ደም ግፊት አለብዎት አለ፤ ክኒን ሰጠኝና ለመጋቢት ቀጠረኝ። ቀጥሎ ሆዴን አየና ይሄ መቀነስ አለበት አለኝ። ዕድሜ ልኬን በመጋዘን ጆንያ ስሸከም ጉልበቴ አንድ ቀን አላጉረመረመም፤ ዛሬ የገዛ ሆዴን መሸከም ያቅተዋል? አልኩት።

"አባባ፣ ጆንያውን እኮ አራግፈው ነበር ወደ ቤት የሚገቡት፤ ይሄን ግን ይዘውት ነው የሚተኙት" አለኝ።

ልጅ እግር ቢሆንም ምላሱ አርጅቷል።

ቤት ስንደርስ አክስትሽ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ጓሮ ገባችና ከብረቴ ፊት ቆመች። ብረቴን ታስታውሽዋለሽ፤ መጋዘኑ አሮጌውን የጭነት መኪና ሲፈታታ ለምኜ የወሰድኩት ዘንግ ነው፣ በሁለቱ ጫፍ ቸርኬ ያለው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳላነሳ ቁርስ አፌ ገብቶ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ክሬኑ የሚለኝ በእሱ ነው። እሷ ግን የሐኪሙን ቃል ሁሉ ብረቱ ላይ ጫነችው። በመጋቢቱ ቀጠሮህ ሆዱ ካልቀነሰ፣ ግፊቱም ካልወረደ ብረት ገዢውን እጠራዋለሁ አለች። በኪሎ ትሸጠዋለች ልጄ። ይህችን ሴት አርባ ዓመት አውቃታለሁ፤ የማታደርገውን አትናገርም።

(እውነቱን ነው። ጸሐፊዋ።)

እንግዲህ አንቺ እዚያ በሆስፒታል ወጥ ቤት ለየበሽተኛው ምግቡን ለክተሽ እንደምታወጪ፣ ከሥራ ስትወጪ ደግሞ ብረት እንደምታነሺ ሰምተናል። የላክሽው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ክንድሽን ሳየው ይሄ የወንድሜ ክንድ ነው፣ ማን ሰጣት? ብያለሁ። በልጅነትሽ ድንቡሼ ያልንሽ ሰዎች ዛሬ ብትጨብጪን እንጮኻለን።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ሆድ የሚያቀልጥ ዱቄት በቆርቆሮ ይሸጣል ይላሉ። እሱን ላኪልኝ። የምበላውን እየበላሁ ሆዴ ብቻ ይሂድልኝ። ክንዴን እንዳይነካ ግን አደራ በይው።

አጎትሽ ክሬኑ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ የእጅ ጽሕፈቷን ገና ከፖስታው ላይ ሳየው ለምስቅላት አክስቴም ጭምር፣

ከራስ ጠጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ምሳ በማወጣበት ሰዓት ነበር። ቆሜ ሳነበው የአንዱን ክፍል ሾርባ ለሌላው ክፍል ላክሁና አለቃዬ ተቆጣችኝ። ምን ያስቅሻል ስትለኝ አጎቴ ሆዱን በፖስታ አቅልጪልኝ ብሎኝ ነው አልኳት።

አጎቴ፣ ዱቄቱ ይቅር። የሚሸጥስ ይሸጣል፤ የሚያቀልጠው ግን ኪስ ነው። በእሱ ፋንታ እኔ ለራሴ የማወጣውን ዓይነት ዕቅድ ላውጣልዎ። ብረት የሚያነሳ ሰው ሲቀንስ እንደ ሌላው ሰው አይደለም የሚቀንሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራበ ሰውነት እንደተቸገረ ቤት ነው። ሲቸግረው ዕቃ ያወጣና ይሸጣል፤ መጀመሪያ የሚያወጣውም ማንም የማይነካውን ዕቃ ነው። ብረቱን ትተው ዝም ብለው ቢራቡ ሰውነትዎ ክንድዎን አይቶ ይሄን ማን ይጠቀምበታል ይልና ከስቡ ጋር አብሮ ይሸጠዋል። ብረቱን እያነሡ ከምግቡ ጥቂት ብቻ ቢቀንሱ ግን ክንዱን ይተውና ስቡን ያወጣል። አክስቴ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። ብረቱ ጠላታችን አይደለም። ግፊት ስላለ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቁ እንዳይነኩት፤ ካልፈቀደ እኔም አልፈቅድም።

አሁን ሰሐኑን እንየው። ግማሹ አትክልት ይሁን። በየማዕዱ እንቁላል ወይም ዓሣ፣ ወይም ስቡ የወጣለት ሥጋ፣ ካልሆነም ባቄላና ምስር ይኑር፤ ክንዱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ዳቦ መዳፍ የምታህል ብቻ። ዘይቱን አክስቴ በማንኪያ ትስፈረው እንጂ ከጠርሙሱ አታንቆርቁረው፤ ጨውም ይቅለል። የሻዩን ስኳር መተው ይከብዳል፤ እኔም አልቅሼ ነው የተውኩት። ማዕድ አይዝለሉ። የዘለለ ሰው ማታ ወጥ ቤቱን ይዘርፋል።

ቀስ ብሎ ይሂድ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደልዎ ደስ ይበልዎ፤ በጣም ከፈጠነ ቶሎ ይጻፉልኝ። አንድ ሚዛን ይምረጡና ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ይመዘኑ። ደግሞ አሁን የሚበሉትን ሁሉ ይንገሩኝ። ሁሉንም።

እጃችሁን እስማለሁ፤ ቤታችሁን ሳቅ አይለየው።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ፣

ምርቃቴ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስሽ። እንቅፋት አይምታሽ፣ ከእጅሽ የሚወጣው ምግብ ለበላው ሁሉ መድኃኒት ይሁነው። እኛ ደህና ነን፤ ማለት እሷ ደህና ናት፣ እኔ ርቦኛል።

ደብዳቤሽ ቤታችንን በጠበጠው። ዳቦ መዳፍ የምታህል አልሽ እንጂ የማን መዳፍ እንደሆነ አልጻፍሽም። እኔ መዳፌን ዳቦው ላይ ዘረጋሁ። የእኔ መዳፍ አካፋ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። በይ እንግዲህ ልካችን ይኸው አልኳት። እሷ የራሷን አስቀመጠች። መርፌ ስትይዝ የኖረች እጅ የድመት መዳፍ ነው የምታህለው። እኔ የበይው መዳፍ ነው እላለሁ፣ እሷ የቆራሿ ነው ትላለች። ቢላው በእሷ እጅ ስለሆነ እሷ አሸነፈች። ፍርድ ስጪን።

የምትበላውን ሁሉ ንገረኝ ብለሽኛል። እነግርሻለሁ፤ ወንድ ልጅ በበላው አያፍርም። ካንቺ ደብዳቤ በፊት ጠዋት ዳቦ በቅቤ ነበር፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር። ምሳ የተገኘው ሁሉ፣ እራትም ከምሳ የተረፈው ሁሉ። መክሰስ አልበላም። አክስትሽ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምቆረጥማት ኦቾሎኒ መክሰስ አትባልም።

(አንድ ጎድጓዳ ሰሐን ኦቾሎኒ። ጸሐፊዋ።)

ዛሬ ጠዋት ግን የተሰጠኝ እንቁላል ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር፣ ያቺ የድመት መዳፍ ዳቦ፣ ከዚያ ሻይ። ሻይ ያለ ስኳር ቡናማ ልብስ የታጠበበት ውሃ ነው። ጠጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት።

ሐኪሙን ጠየቅነው። ያንሡ፣ ትንፋሽዎን አፍነው ግን አያንሡ፣ ከተለመደውም ቀለል አድርገው ይጀምሩ፣ ክኒኑንም አይርሱ አለ። አክስትሽ አሁን ጠዋት ጠዋት የጓሮው በር ላይ ቆማ ተንፍስ፣ ተንፍስ ትለኛለች። ጎረቤት ምጥ የያዘኝ መስሎት ግንቡ ላይ ብቅ ብሎ አየኝ።

የሚዛኑን ነገር ልንገርሽና ይብቃኝ። እዚህ አካባቢ ክሬኑን የሚችል ሚዛን ያለው መጋዘኑ ብቻ ነው። ሰፊ ነው፣ ከመሬት እኩል። ጆንያው በእጅ ጋሪ እንደተጫነ ይገባል፤ ባለሚዛኑ የጋሪውንም የጆንያውንም አንድ ላይ ያነብና የጋሪውን ሃያ ኪሎ ቀንሶ ይጠራዋል። እኔንም የድሮ ባልደረቦቼ፣ ጫኝና አውራጆቹ፣ ጉልበትህን አታድክም ብለው ጋሪ ላይ አስቀመጡኝና እየገፉ አስገቡኝ። ይሄኛው የት ይራገፍ? ይላል አንዱ። ከእርጥበት አርቁት፣ ይሻግታል ይላል ሌላው። ባለሚዛኑ ጋሪውን ቀንሶ ዘጠና ስድስት ብሎ ጠራኝ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ሰው ነኝ። ደስ አለኝ መሰለኝ፤ አክስትሽ ግን በክርኗ ጎሸመችኝ።

አጎትሽ ክሬኑ


ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ፣

ጤናሽ እንደ አለት፣ ስምሽ እንደ ደወል ይሁን። የእጅ ጽሕፈቱ ቢለወጥብሽ እንዳትደነግጪ፤ አክስትሽ ደህና ናት። ይህን የሚጽፍልኝ ባለሚዛኑ ነው፣ ያለነውም መጋዘን ነው። መልሱንም ወደ መጋዘኑ ላኪው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ልጄ፣ እኔ በርሃብ ልሞት ነበር። አክስትሽ ያንቺን ቃል እንደ ሕግ ይዛ ሙጭጭ አለች። ዘይቱን በማንኪያ ስትሰፍር እጇ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ጓደኞቼን ልጠይቅ እያልኩ በየቀኑ ወደ መጋዘኑ ብቅ እላለሁ፤ ብቅ የምለው ደግሞ ልክ በምሳ ሰዓት ነው። ጫኝና አውራጆቹ በአንድ ትልቅ ትሪ ነው የሚበሉት፤ ሩዝ በሥጋ። ቁጭ በል የሚሉትን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። እበላለሁ። ከዚያ ቤት ሄጄ የእሷን ምሳ እበላለሁ፤ እምቢ ካልኩ ታውቅብኛለች።

አሁን ወሬው ይምጣ። ዛሬ ተመዘንኩ። ጉልበቴ ስለተሻለው በጋሪም አልገባሁም፤ በእግሬ፣ እንደ ሰው፣ ደረቴን ነፍቼ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰባ አምስት። ሰባ አምስት ኪሎ ብሎ ጠራኝ። መጋዘኑ ተተራመሰ። ከዘጠና ስድስት ላይ ሃያ አንድ ኪሎ ሥጋ በትኛለሁ። ባለሚዛኑ በመጽሐፍ እንደሚምል ሰው እጁን አንስቶ በዓይኔ አየሁት አለ። ጫኝና አውራጆቹ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ ሲያወጡኝ ትንሽ አቃሰቱ፣ ግን አወጡኝ።

(ጸሐፊው ባለሚዛኑ ነኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስቼ አላውቅም።)

እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺ ዕቅድ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ሁለተኛ ምሳ። የአክስትሽ ምሳ ብቻውን አያቀልጥም፣ የመጋዘኑ ምሳ ሲጨመርበት ነው የሚያቀልጠው። ለበሽተኞችሽ ንገሪያቸው። ለአክስትሽ ግን እንዳትነግሪያት። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊት ነው የማስደንቃት። ዱቄቱንም ተይው፤ አያስፈልገኝም።

አጎትሽ ክሬኑ፣ አሁን ግን ቀላሉ


የካቲት 2 ቀን

ለአጎቴና ለአክስቴ፣ ወደ ቤት፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር በሉኝ፤ እጄ ስለቸኮለ ነው። አጎቴ፣ ወደ መጋዘኑ ጻፊ ብለውኝ ነበር። አልቻልኩም። ይቆጡኝ እንጂ ምስጢርዎን አወጣሁ፤ አጎቴ በየቀኑ መጋዘን ምሳ ይበላል፣ አክስቴ። ሁለት ምሳ ነው የሚበላው። እሱ ግን ግድ የለም።

የከበደኝ ሌላው ነው። ሁለት ምሳ የሚበላ ሰው በአንድ ወር ሃያ አንድ ኪሎ አይቀንስም። አንድ ምሳ የሚበላም አይቀንስም። እንደዚያ የሚያከሳ ነገር ዕቅድ አይደለም። አባቴም ከመሞቱ በፊት እየበላ ነበር የከሳው። የዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ እናንተ ግን ታስታውሳላችሁ።

አጎቴ፣ ብረቱ እንዴት ነው? ከበደዎት ወይስ እንደ ድሮው ነው? ላብ ሌሊት ያጠምቅዎታል? እባክዎ ቀጠሮውን አይጠብቁ፣ ነገውኑ ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያ ምንም አይቀንሱ፣ ይብሉ።

አክስቴ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሱሪው ምን ይላል? ሃያ አንድ ኪሎ ከሄደ ሱሪው ወገቡ ላይ መቆም የለበትም። ሜትርዎን አውጥተው ይለኩትና በመጀመሪያው ፖስታ ይጻፉልኝ። እስኪደርሰኝ ምግብ አይወርድልኝም።

ድንቡሼ


የካቲት 16 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ፣

ልብሽ ይረፍ፤ ከሰላምታው በፊት ይህን አንብቢ። አልታመምኩም። ሳቂና ቀጥዪ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጉሮሮሽ ይከፈት፣ ምግብሽ ይስማማሽ። የምትጽፈው አክስትሽ ናት፤ ከእንግዲህ ሌላ ጸሐፊ የለኝም፣ ባለሚዛኑም ብዕር አልይዝም ብሎ ምሏል። ሁሉንም ካልተናገርክ አልጽፍም ስላለችኝ ሁሉንም እናገራለሁ።

ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ሁለተኛው ምሳ ላይ ደረሰች፤ ጮኸች ስል ማንበቧን ቀጠለች። አባትሽ ላይ ስትደርስ ፊቷ ጨርቅ የምታሰምርበት ጠመኔ መሰለ። ወረቀቱን አጠፈችና ቁም አለችኝ። ቆምኩ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገቤን ለካች። እንደገና ለካች። ከመቀሷ ሥር ያኖረችውን የድሮ ልኬን አየች። ሁለት ጣት። ከሁለት ጣት በላይ አልሄደም።

"ሃያ ኪሎ የሄደው ከየትህ ነው?" አለችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ፣ ምናልባት ከአጥንቴ ይሆናል አልኩ። እጄን ያዘችና መጋዘን ወሰደችኝ፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በመንገድ ሄደች። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያል፤ ክሬኑን አስራ የምትነዳ ሴት አይተው አያውቁማ። መጋዘን ስንደርስ እኔን ወደ ጎን ብላ ራሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ባለሚዛኑ አነበበና ሠላሳ አራት ብሎ ጠራት።

"ሠላሳ አራት? እኔ በግ ነኝ?" አለችው።

ባለሚዛኑ መነጽሩን ጠረገ። እንደገና አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየነው፤ ሃምሳ አራት ይልና ወዲያው ራሱ ሠላሳ አራት ያደርገዋል። ያኔ ገባን። ያ ሰው ዓይኑ ሚዛኑን ያነባል፣ አፉ ደግሞ የጋሪውን ሃያ ኪሎ ይቀንሳል። ዓይንና አፉ ሳይጠያየቁ ዕድሜያቸውን አብረው ሠርተዋል። እኔ በእግሬ ብወጣ፣ እሷ በእግሯ ብትወጣ ለእሱ ሁላችንም ጋሪ ላይ ነን። በእግሬ እንደገና አወጡኝ፤ ባለሚዛኑ አፉን በእጁ ይዞ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አደረገልን። ዘጠና አራት።

ጫኝና አውራጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንዱ ባለሚዛኑን እስቲ ራስህን መዝን፣ ምናልባት አልተወለድክም ይሆናል አለው። አክስትሽም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሙሽርነቷ ወዲህ አላየኋትም፤ ጆንያ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ጫኝና አውራጆቹም እንዳላዩ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ምሳው ትጨቀጭቀኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። አልጨቀጨቀችኝም። ቤታችን በር ላይ ቆም ብላ የተናገረችውን ልንገርሽ። ይህንን አልጽፍም ብላ ነበር፣ ጻፊው አልኳት።

"የወንድምህን ሱሪ በየሳምንቱ ያጠበብኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። "እሱ ሰው መክሳቱን እንዲያይበት አይፈልግም ነበር፣ እኔም እያጠበብኩ አይዞህ፣ ወፍረህ ትሞላዋለህ እለው ነበር። ያንተን ሱሪ ሳጠብብ ደስ እንዲለኝ ነው የምፈልገው። እንድፈራ አታድርገኝ።"

ብረቱን እሸጣለሁ ያለችው ከብረቱ ጋር ተጣልታ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጋዘን የምሄደው ከምሳ በኋላ ነው። ትሪው ታጥቦ ሲሰቀል እያየሁ እገባለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

ሐኪሙ ጋም ሄድን፣ ደም ወስዶ አየ፤ ምንም የለም፣ ቀጠሮው ግን እንደተያዘ ነው አለ። ብረቱም እንደ ድሮው ይነሳል። እንዲያውም ትንሽ ቀሎኛል።

አጎትሽ ክሬኑ፣ ዘጠና አራት

(ድንቡሼ፣ ፍርሃትሽ ፍርሃቴ ነበር። ስለ ሱሪው ስለጠየቅሽኝ እጅሽን ልሳም። ቀጠሮው ላይ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ካልቀነሰ እሸጠዋለሁ። ጸሐፊዋ።)


መጋቢት 1 ቀን

ለሁለታችሁም፣ ለቤቴ ምሰሶዎች፣

ዕድሜ ይጨመርላችሁ፤ የሳቅኩበትም ያለቀስኩበትም ደብዳቤ አንድ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው። አለቃዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ አጎቴ ዳነ አልኳት። ከምን? አለች። ከጋሪ አልኳት።

አሁን ወደ ሥራችን። ሁለት ኪሎ በሁለት ምሳ መቀነስ የሚችል ሰው በአንድ ምሳ ምን እንደሚሆን ለማየት ቸኩያለሁ። ብረቱ ካልከበደዎ ክንድዎ አልተሸጠም ማለት ነው፤ የሄደው ስብ ነው። ከዚህ በኋላ ሚዛኑን ተዉትና በአክስቴ ሜትር እንሂድ። የሄደ ስብ ከሱሪ አያመልጥም። ከእራት በኋላ ሁለታችሁም ዞር ዞር በሉ። ኦቾሎኒውን አልከለክልም፤ በጭብጥ ይሁን እንጂ በሰሐን አይሁን።

ስለ ዳቦው ፍርዴ ይህ ነው። መዳፉ የበይው ነው፤ ጣቶቹ ግን አይቆጠሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔም በፀደይ የብረት ማንሳት ውድድር አለብኝ፣ ከፍ ያለው የክብደት ምድብ ውስጥ ላለመግባት መቀነስ ነበረብኝ። እናንተን ማዕድ አትዝለሉ እያልኩ እኔ እራት እዘል ነበር። አክስቴ ያሉትን ካነበብኩ ወዲህ ትቼዋለሁ። ማታ ሰሐኔን ግማሽ አትክልት አድርጌ፣ እንቁላሌን ይዤ ቁጭ ስል እናንተም እየበላችሁ እንደሆነ አስባለሁ። ብቻዬን የበላሁ አይመስለኝም።

የቀጠሮው ዕለት ልቤ ከእናንተ ጋር ነው።

ድንቡሼ


መጋቢት 29 ቀን

ይድረስ ለድንቡሼ፣ ለወንድሜ ክንድ፣

የምታነሺው ይቅለልሽ፣ የያዝሽው አይውደቅብሽ፣ በውድድሩ የሚጠሩት ስም ያንቺ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ዛሬ እኔም ሳልዋሽ ደህና ነኝ።

ትናንት ቀጠሮው ነበር። አክስትሽ ጠዋት ስትለብስ ብረት ገዢውን ከሰዓት በኋላ ብቅ በል ብዬዋለሁ አለችኝ። ፊቴን አላየችም። እኔም ፊቷን አላየሁም። ሐኪም ቤት ስንገባ ጉልበቴ ሳይሆን ልቤ ነበር የሚጮኸው።

ሐኪሙ ሚዛኑ ላይ አወጣኝ። ጋሪ አለመኖሩን ዙሪያዬን አየሁ። ዘጠና አንድ። አክስትሽ ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣችና በሐኪሙ ፊት ለካችኝ፤ አምስት ጣት። ክንዴን ለካች፤ ያው ነው፣ አንዲት ክር አልጎደለም። ሐኪሙ ያንን ጨርቅ ክንዴ ላይ ጠቅልሎ አስጨነቀኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ስለነበር ይተንፍሱ አለኝ። ወርዷል አለ። ክኒኑን አያቁሙ፣ የጀመሩትንም አያቁሙ፣ ብረቱንም ያንሡ አለ። ያንሡ ሲል ሦስታችንም ሰማነው።

ተነስተን ልንወጣ ስንል አክስትሽ ቦርሳዋን ከወለሉ ለማንሳት ጎንበስ አለችና ወገቧን ይዛ ቀረች። የስፌት መኪና ላይ ጎብጣ የኖረች ሴት ናት፤ ያ ሕመም የቆየ ነው፣ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ሐኪሙ ይቀመጡ አላት። መረመራት፣ ጠየቃት፣ ክንዷን ዳበሳት። ከዚያ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

"እማማ፣ ለአጥንትዎና ለወገብዎ እርስዎም ቀስ እያሉ ክብደት ማንሳት አለብዎት" አላት።

ልጄ፣ አልሳቅኩም። እንዳልስቅ ጉንጬን ነክሼ ደም ቀመስኩ። መንገዱን ሙሉ አልሳቅኩም።

ቤት ስንደርስ ብረት ገዢው ከነጋሪው በር ላይ ቆሟል። የታለ ብረቱ? ይላል። አክስትሽ ቀና ብላ አየችው። የሚሸጥ የለንም አለችው። ታዲያ ለምን አስመጣሽኝ? ይላል። እሷ ግን ጋሪው ላይ ያለውን ዕቃ መፈተሽ ጀምራለች። ቧንቧውን አነሳች፣ አስቀመጠች። አጭሩን ብረት አነሳች፣ መዘነችው፣ ወደ እኔ ዞራ ይሄ ለጀማሪ ይሆናል ወይ? አለችኝ። ይሆናል አልኳት። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ዋጋ ተከራከረችው። ያ ሰው ዕድሜውን ብረት ሲገዛ ኖሮ ትናንት ሸጦ ሄደ።

እንግዲህ ዱቄቱን አልልሽም፣ ለእኔ ምንም አልልሽም። ለእሷ ዕቅድ አውጪላት። እሷ መቀነስ የለባትም፣ መጨመር ነው ያለባት፤ ዳቦዋም በእኔ መዳፍ ይለካ፣ ጣቶቹም ይቆጠሩ። ትንፋሿን አፍና እንደምታነሳም ንገሪያት፤ እኔ ስነግራት አትሰማኝም።

(አፍኜ አላነሳም። ጸሐፊዋ።)

ታፍናለች። ዛሬ ጠዋት የጓሮው በር ላይ ቆሜ ተንፍሺ፣ ተንፍሺ ስላት ጎረቤታችን ግንቡ ላይ ወጥቶ አየን፣ ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ስትጨርስ ቀና ብላ ቆመች። እንደዚያ ቀና ብላ ስትቆም ቁመቷ ትከሻዬ ድረስ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሱሪዬንም ትናንት ማታ አጠበበችው፤ ስታጠብብ ታዜም ነበር።

በይ ደህና ሁኚ፤ ፈጣሪ እዚያም ሰሐንሽን ሙሉ፣ ልብሽን ቀላል ያድርገው። እኔ ልሂድ። ዛሬ ጓሮ ገብቼ ብረቴን የማነሳው እሷ ስትጨርስ ነው፤ ተራ እየጠበቅሁ ነው።

አጎትሽ ክሬኑ